የታጠቡት አሥራ አንድ ሰሌዳዎች

እታለም አርባ አራት ዓመቷ ነው። ከከተማው ዳር ግሮሩድ፣ ጫካው ከሚጀምርበት ጥግ ባለ ሕንጻ አራተኛ ፎቅ ላይ ከልጇ ከኤሊ ጋር ትኖራለች። ኤሊ አንድ ዓመት ሲሞላት ብሪን አካባቢ ያለ የመጋዘን ቢሮ ማጽዳት ጀመረች፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ማዮርስቱን በሚባለው ሰፈር ወዳሉ ቢሮዎች ተዛወረች። አሁን ኤሊ አሥራ ስምንት ሆናለች። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ እታለም ሥራ ያረፈደችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ያረፈደው ባቡሩ ነበር።

ማዮርስቱን ከምታጸዳቸው ቢሮዎች በአንዱ፣ ከእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ጀርባ፣ ትልቅ የዓሣ ገንዳ አለ። መስታወቱ ላይ «አይነካ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ገንዳውን የሚያጸዳ ባለሙያ በወር አንድ ጊዜ ይመጣል። እታለም ዙሪያውን ትጠርጋለች፣ መስታወቱን ግን አትነካም። ንጋት ላይ፣ ሌላ ሰው ሳይገባ፣ አረንጓዴው ሽፋን ከመስታወቱ ጥግ ተነስቶ ከሳምንት ሳምንት ሲሰፋ ታየዋለች። ዓሦቹ ብዙም አልሳቧትም። ሽፋኑ ከየት እንደሚመጣ ግን ማወቅ ፈለገች። ትምህርት የጀመረችው በዚህ ምክንያት ብቻ ነው ቢባል ትክክል አይሆንም፤ ቀኝ ትከሻዋም ነበር። ሐኪሙ የራጅ ፎቶውን አይቶ፣ ይህ ትከሻ ሌላ ሥራ ቢያገኝ ጥሩ ነው ብሏታል።

የሁለተኛ ደረጃውን በማታ ጨረሰች። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ገብታ፣ ንጋት ላይ እያጸዳች ቀን ቀን ባዮሎጂ ተማረች። የመጨረሻው ሴሚስተር ሙሉ በሙሉ የምርምር ነበር፤ ከከተማው በስተደቡብ ፊዮርድ በሚባለው የባሕር ክንድ ዳር ባለ የባሕር ጥናት ጣቢያ የሚሠራ፣ ለዲግሪዋ የቀራትን ሠላሳ ነጥብ የሚይዝ ጥናት። ይህን ከሥራ ጋር ማስኬድ ስለማይቻል አሠሪዎቿ ከጃንዋሪ እስከ ጁን ፐርሚሾን፣ ማለትም ያለ ደመወዝ ፈቃድ፣ ሰጧት። ደብዳቤው አጭር ነው። ፈቃዱ አይራዘምም፤ መመለስ አለመመለሷን እስከ ሜይ መጨረሻ በጽሑፍ ታሳውቃለች። ጣቢያው ደግሞ በኦገስት አንድ ቴክኒሻን ይቀጥራል፤ ዲግሪ ያለው ሰው ይፈልጋል። እታለም ደብዳቤውንና የሥራ ማስታወቂያውን ማቀዝቀዣው በር ላይ ጎን ለጎን ለጠፈቻቸው። ሠላሳውን ነጥብ ካገኘች አንዱ ወረቀት ይነሳል። ካላገኘች ሌላው።

ጣቢያው ለመድረስ ከቤቷ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ይፈጃል፤ በምድር ውስጥ ባቡሩ በቴባነ እስከ መሐል ከተማ፣ ከዚያ በአውቶቡስ። ሦስት ክፍልና አንድ የእንጨት ድልድይ የመሰለ የጀልባ መቆሚያ ነው። ተቆጣጣሪዋ ኢንግቪልድ የምትባል፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ከክረምት እስከ ጸደይ አንድ ሹራብ የምትለብስ ሴት ናት። በመጀመሪያው ቀን አንድ ነገር ብቻ ነው አጥብቃ የነገረቻት። በሩ አጠገብ በገመድ የተንጠለጠለ ወፍራም መዝገብ አለ።

«ማንኛውንም ነገር ከመንካትሽ በፊት ይህን ታነቢያለሽ» አለች ኢንግቪልድ። «ከዚያ ትሠሪያለሽ። ከዚያ ትጽፊያለሽ።»

እታለም ራሷን ነቀነቀች። በጽዳት ሥራም መዝገብ አለ፤ ከእያንዳንዱ መጸዳጃ ቤት በር ኋላ የሚንጠለጠለው ወረቀት። ያ ግን የሚነበብ አይደለም። ሠርተው ከጨረሱ በኋላ ሰዓቱን ጽፈው ይፈርሙበታል።

ጥናቷ ስለ ሩር ነበር። ሩር በባሕር ዳር ድንጋይና በጀልባ ሆድ ላይ እንደ ሲሚንቶ ተጣብቃ የምትታይ፣ ጫፏ የተቆረጠ ነጭ ጎጆ የምትመስል ትንሽ ፍጥረት ናት። እጮቿ በጸደይ ለጥቂት ሳምንት ውኃ ውስጥ ይዋኛሉ። ከዚያ እያንዳንዷ ቦታ መርጣ በጭንቅላቷ ትጣበቃለች፤ እስክትሞት ከዚያ አትነቃነቅም። ጥያቄው የሚመርጡት ምን ዓይነት ቦታ ነው የሚል ነበር፤ ባሕሩ ቀደም ብሎ ያለበሰውን ወይስ ንጹሑን? ለዚህ አሥራ ሁለት ግራጫ የፕላስቲክ ሰሌዳዎች በፌብሩዋሪ መጀመሪያ የባሕር ውኃ በሚፈስበት የውስጥ ክፍል ገንዳ ውስጥ ገቡ፤ ቡናማ ዝልግልግ እንዲለብሱ። ሌሎች አሥራ ሁለት አዳዲስ ሰሌዳዎች ከነላስቲካቸው ካርቶን ውስጥ ቆዩ። በኤፕሪል መጀመሪያ ሃያ አራቱም መቆሚያው ሥር ይሰቀላሉ። ሩሮቹ የሚመጡት በዓመት አንድ ጊዜ ነው።

የፈረንጆቹ ፋሲካ በዚያ ዓመት ከእኛ በአንድ ሳምንት ይቀድም ነበር። የጣቢያው ሰዎች ሁሉ ወደ ተራራ ጎጆዎቻቸው ሄዱ። የእታለም ፋሲካ ገና ስላልደረሰ በሳምንቱ ውስጥ የውኃውን ሙቀት እኔ እለካለሁ አለች። ማክሰኞ ዕለት ብቻዋን ገባች። ሙቀቱ አራት ነጥብ ስድስት ነበር። ሥራው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ አለቀ፤ አውቶቡሱ የሚመጣው ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ሦስት ሰዓት ሙሉ እጇን አጣጥፋ መቀመጥ አልቻለችበትም።

በውጪው ክፍል ገንዳ ውስጥ እድፍ የለበሱ ሰሌዳዎች ተደርድረዋል። ባለፈው መኸር የተሠራባቸው አሮጌ ሰሌዳዎች ሁልጊዜ እዚያ ነው የሚቀመጡት፤ እነሱን ማጠብ ከተማሪዎቹ ተራ ሥራ አንዱ ነው። ጓንት አደረገች። ባልዲ ሙቅ ውኃ፣ አቼቶና አረንጓዴውን ሻካራ መፈተጊያ አመጣች። በጽዳት ሙያ ኮርስ እንደተማረችው መጀመሪያ ጥጎቹን፣ ከዚያ ከላይ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ዞሮ ከቀኝ ወደ ግራ፣ እጇን ሳታነሳ እስከ ታች። አንዱ ሰሌዳ ከአሥር ደቂቃ በላይ ወሰደ። እየታጠበ የተቀመጠው ሰሌዳ ግራጫ ሆኖ ያበራ ነበር። ስምንተኛው ላይ ትከሻዋን አመማት፤ አያያዟን ቀይራ ቀጠለች። አሥራ አንደኛውን ስትጨርስ ለሰባት ሩብ ጉዳይ ሆኗል። አሥራ ሁለተኛውን ለነገ ትታ፣ እጇን አድርቃ፣ ልትፈርም መዝገቡን ገለጠች።

ባለፈው ሐሙስ፣ እሷ በጉንፋን ቤት በዋለችበት ቀን፣ ኢንግቪልድ እንዲህ ብላ ጽፋለች፦ «የውስጥ ክፍሉ ቧንቧ ይጠገናል። ከሰሌዳ 1 እስከ 12 ወደ ውጪው ገንዳ ተዛውረዋል። አይነኩ።»

እታለም መስመሩን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ወደ ገንዳው ተመልሳ የአንዱን ሰሌዳ ጀርባ ገለበጠች፤ ቁጥር ሰባት ይላል፣ በራሷ እጅ ጽሑፍ። በመስኮቱ በኩል አውቶቡሱ መጥቶ ሲሄድ ታየ።

የሚቀጥለው እስኪመጣ መጠለያው ውስጥ ተቀምጣ በቀለች ጋ ደወለች። በቀለች ማዮርስቱን አብራት አሥር ዓመት የሠራች፣ ከእሷ በአሥራ ሁለት ዓመት የምትበልጥ ሴት ናት፤ በዚያ ሰዓት ዕረፍት ላይ ነበረች።

«ምን ሆነሻል? ድምፅሽ ልክ አይደለም» አለች በቀለች።

«አሥራ አንድ ሰሌዳዎች አጠብኩ።»

«እሰይ። እና?»

«መታጠብ አልነበረባቸውም፣ እትዬ በቀለች። የሚፈለገው እድፉ ነበር።»

«እኔ እዚህ ስንቱን እድፍ ሳባርር፣ አንቺ እዚያ እድፍ ታረቢ ነበር?»

«ሁለት ወር ሙሉ።»

«እንደገና ይደግ።»

«አይደርስም። እጮቹ ውኃው ውስጥ ገብተዋል።»

«ማን አይቶሻል?»

«ማንም። ሁሉም ተራራ ናቸው።»

«እንግዲያስ ፓምፑ ቆመ በያቸዋ። ሰሞኑን ቆሞ ነበር አላልሽኝም?»

«ለአንድ ሰዓት ነው የቆመው። ደግሞ ፓምፕ በአቼቶ አያጥብም።»

«እስኪመጡ ሽታው ይጠፋል። ስሚኝ፣ የሥራ አስኪያጁን ኩባያ ማን ሰበረው?»

«አንቺ።»

«እኔ። እስከ ዛሬ ግን ነፋስ ነው። መስኮቱ ክፍት ነበር፣ ነፋስ ገባ፣ አለቀ። አንቺ ጁን ላይ ልትገላገዪ ነው፣ ለአሥራ አንድ ቁራጭ ላስቲክ ብለሽ ወደዚህ ልትመለሺ ነው? በዚያ ትከሻሽ?»

«አላውቅም» አለች እታለም። አውቶቡሱ ሲመጣ ተሰናበተቻት።

ቤት ስትደርስ ለኤሊ ነገረቻት። ኤሊ ሶፋው ላይ ተጋድማ ነበር፤ ስልኳን ደረቷ ላይ አስቀመጠች።

«አንቺ ያው ባሕሩንም ጠርገሽ መጣሽ በይኛ።»

«አትሳቂብኝ።»

«እየሳቅኩ አይደለም። ኔይ፣ ትንሽ እየሳቅኩ ነው።» ከዚያ ቀና ብላ ተቀመጠች። «ኢንግቪልድን ምን ልትያት ነው?»

«በቀለች ፓምፑ ቆመ በያት አለችኝ።»

«ታምንሻለች?»

«ታምነኛለች። ችግሩ እሱ ነው።»

ኤሊ ማቀዝቀዣው በር ላይ ያሉትን ወረቀቶች አየችና ስልኳን አነሳች።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በፓምፑ ካመካኘች፣ ጥፋቱ የጣቢያው ስለሚሆን ዩኒቨርሲቲው ሌላ መንገድ ይፈልግላታል፤ ያለፈው ዓመት ተማሪ በማዕበል ሰሌዳዎቹ ሲወሰዱበት የአሮጌ ጥናት ቁጥሮች ተሰጥተውት ጽፎ አልፏል። እውነቱን ከተናገረች፣ ተማሪዋ የጣቢያውን የመጀመሪያ ደንብ ጥሳ የራሷን ጥናት አበላሽታለች ማለት ነው፤ ለዚህ የሚሰጥ ነገር መኖሩን አታውቅም። ቴክኒሻን የሚፈልጉት ሰዎችም እነዚያው ናቸው።

ረቡዕ ጠዋት ተመልሳ ሄደች። ሙቀቱን ለካች፤ አራት ነጥብ ሰባት። ከዚያ መዝገቡ ፊት ቆመች። ማዮርስቱን ያልገቡበትን ክፍል የገቡ አስመስለው የሚፈርሙ ሰዎች ታውቃለች፤ አንዳንዶቹ ወዳጆቿ ናቸው፤ አትፈርድባቸውም። እሷ ግን ያልሠራችውን ፈርማ፣ የሠራችውንም ሳትፈርም ቀርታ አታውቅም። ይህ ከጽድቅ የመጣ አይደለም፤ የእጅ ልማድ ነው። ብዕሩን አንስታ ጻፈች፦ ማክሰኞ፣ ከአራት ሰዓት ተኩል ለሰባት ሩብ ጉዳይ እስኪሆን፣ ከሰሌዳ 1 እስከ 11 በአቼቶና በሻካራ መፈተጊያ ታጥበዋል። ያጠበችው መዝገቡን ሳታነብ ነው። ሰሌዳ 12 አልተነካም። ስሟን ጻፈች።

ከዚያ በኋላ እስከ ቀጣዩ ማክሰኞ ስድስት ቀን ጠበቀች።

ኢንግቪልድ ፊቷ በተራራ ፀሐይ ቀልቶ መጣች። ጃኬቷን ሳታወልቅ መዝገቡን ገለጠች፤ ደንቡን ራሷም ታከብራለች። ለረጅም ጊዜ ቆማ አነበበች።

«አሥራ አንዱን?»

«አሥራ አንዱን።»

«አሥራ ሁለተኛውስ?»

«አውቶቡስ ደረሰብኝ።»

የኢንግቪልድ አፍ ትንሽ ተንቀሳቀሰ፤ ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር አልለየለትም። «አንድ ሰሌዳ ምንም አይነግረንም» አለች። «ታውቂዋለሽ።»

«አውቃለሁ።»

«እጮቹ መጥተዋል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያበቃል። ለጠየቅነው ጥያቄ ዘንድሮ መልስ የለም።» መዝገቡን ዘጋችው። «ሌላ ጥያቄ ይገኝ እንደሆነ አላውቅም። ተስፋ ልሰጥሽ አልችልም።»

«እሺ።»

«ለማንኛውም እንስቀላቸው። ያው ታጥበዋል።»

ሃያ አራቱንም ሰቀሏቸው፤ አሥራ ሁለቱን አዳዲስ፣ አሥራ አንዱን የታጠቡ፣ አንዱን ቡናማ። ኢንግቪልድ ገመዱን ስትቋጥር አንድም ጊዜ ቀና ብላ አላየቻትም። ወቀሳም አልነበረም፣ ማጽናኛም አልነበረም፤ የባሕሩ ውኃ እጃቸውን እስኪያደነዝዝ ሠሩ።

ዓርብ ስቅለት ነበር። እታለም ቀኑን ቤተ ክርስቲያን ዋለች፤ ስግደቱን ከትከሻዋ የተነሳ በግማሽ አቋረጠችው። ከአጠገቧ የነበረችው በቀለች በሹክሹክታ «ነገርሻት አይደል?» አለቻት። እታለም ራሷን ነቀነቀች። «ሞኝ» አለች በቀለች፣ ነጠላዋን እያስተካከለች፤ ከዚያ ሁለቱም ወደ ጸሎታቸው ተመለሱ።

በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ ሰሌዳዎቹ ወጡ። መጀመሪያ አዲስ ሰሌዳ ነበር ማይክሮስኮፑ ሥር የገባው። አንድ ሚሊ ሜትር የማይሞሉ ነጫጭ ነጥቦች እዚህም እዚያም ተበትነዋል፤ ቆጠረቻቸው፣ ሃያ ሁለት። የሚቀጥለው አሥራ ዘጠኝ። ከዚያ ከታጠቡት አንዱን አወጣች።

ማይክሮስኮፕ አላስፈለጋትም። ነጥቦቹ በመስመር ነበሩ። ከላይ ከግራ ጥግ ተነስተው ወደ ቀኝ ይሄዳሉ፣ ጠርዙ ላይ ይታጠፋሉ፣ ወደ ግራ ይመለሳሉ፣ እንደገና ይታጠፋሉ፤ እስከ ታች ድረስ። እታለም መስመሩን ወዲያው አወቀችው። መቶ አርባ ሦስት ነበሩ።

«ኢንግቪልድ» አለች።

ኢንግቪልድ መጥታ ሰሌዳውን ብርሃን ላይ አዘንብላ አየችው። ማይክሮስኮፑ ሥር አድርጋ ደግሞ አየችው። በዓይን የማይታዩ ጭረቶች ነበሩ፤ መፈተጊያው የተዋቸው። እጮቹ በጭረቶቹ ውስጥ ገብተው ተጣብቀዋል።

«ስንጥቅና ጭረት እንደሚወዱ መጻሕፍት ላይ አለ» አለች ኢንግቪልድ። «አዲስ ነገር አይደለም።»

«አይደለም» አለች እታለም።

«ግን አሥራ አንድ ከአሥራ ሁለት ጋር ይቆጠራል።» የሚቀጥለውን አነሳች፣ ከዚያ የሚቀጥለውን። ቁጥር ስምንት ላይ ቆመች። «እዚህ መሐል ላይ መስመሩ ይሰበራል። አቅጣጫው ተቀየረ። ለምን?»

«እዚያ ላይ ትከሻዬን አመመኝ።»

ኢንግቪልድ ከማይክሮስኮፑ ላይ ዓይኗን አንስታ አየቻት፤ ከፋሲካ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። «እሱንም ጻፊው» አለች።

የጥናቱ ጥያቄ ተቀየረ፤ የተፈተገ ወይስ ልስልስ? እታለም ሃያ ሦስቱን ሰሌዳዎች ሦስት ሦስት ጊዜ ቆጠረች፤ ቡናማውን ቆጥራ ለብቻው መዘገበችው። ጽሑፉን ስትጽፍ ከኢንግቪልድ ጋር አንድ ቦታ ላይ ብቻ አልተስማሙም። ስለ አሠራሩ በሚገልጸው ክፍል ኢንግቪልድ «ሰሌዳዎቹ በእጅ እንዲሻከሩ ተደርገዋል» የሚል ዓረፍተ ነገር ሐሳብ አቀረበች። ስህተት የለበትም፤ በእርግጥም በእጅ ነው፣ በእርግጥም ተሻክረዋል። እታለም ግን ሰሌዳዎቹ የታጠቡት በስህተት እንደሆነ፣ መጀመሪያ የታሰበው ጥናትም በዚህ ምክንያት እንደቀረ ጻፈች።

«ፈታኙ ውጤትሽን ሊቀንሰው ይችላል» አለች ኢንግቪልድ።

«መዝገቡ ላይ እንዲያ ነው ያለው» አለች እታለም። ኢንግቪልድ ዳግመኛ አላነሳችውም።

ሜይ ሠላሳ አንድ እሑድ ዋለ። ውጤቱ የሚታወቀው በጁን አጋማሽ ነው፤ ለአሠሪዋ መልስ የምትሰጥበት ቀን ግን ይህ ነበር። እታለም ከቅዳሴ መልስ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ ጀመረች። ኤሊ ከኋላዋ ቆማ አነበበች።

«ካላለፍሽስ?»

«ካላለፍኩ አላለፍኩም።»

«ይሄ ዕቅድ አይደለም፣ እማ።»

«ትከሻዬ ዕቅዱን ነግሮኛል» አለች እታለም፤ እንደማትመለስም ጻፈች። «ላክ» የሚለውን ስትጫን ኤሊ የፈቃዱን ደብዳቤ ማግኔት ከማቀዝቀዣው በር ላይ አነሳች።

የቃል ፈተናው ላይ ከውጭ የመጣው ፈታኝ ብዙ አልጠየቀም። ጭረቶቹ በሁሉም ሰሌዳ ላይ እንዴት ይህን ያህል አንድ ዓይነት ሊሆኑ እንደቻሉ ማወቅ ፈለገ። ያው ሰው ነው የፈተገው?

«አንድ ሰው ነው» አለች እታለም። «የአሥራ ሰባት ዓመት ልምድ አላት።»

ፈታኙ ጻፈው። ውጤቱ ጁን አሥራ ሰባት መጣ። ሲ ነበር። መዝገቡን ስላለማንበቧ በአስተያየቱ ውስጥ አንድ መስመር ተጽፏል፤ አጻጻፏን በሚመለከት ሁለት። ሠላሳው ነጥብ ሙሉ ነው። የቴክኒሻኑን ቦታ በተመለከተ ጣቢያው ከሦስት አመልካቾች ጋር እንደሚነጋገር ገለጸ፤ አንዷ እሷ ናት።

በማግስቱ ቁልፎቹን ለመመለስ ማዮርስቱን ሄደች። ሰባት ነበሩ፤ በየራሳቸው ባለ ቀለም ክር የታሰሩ። በቀለች ከመጥረጊያ ጋሪዋ አጠገብ ቁጭ ብላ ጫማዋን ታስር ነበር።

«ስንት ሰጡሽ?»

«ሲ።»

«መጥፎ ነው?»

«ኔይ። መሐል ላይ ነው።»

«ለሞኝ አያንስም» አለች በቀለች፤ ቁልፎቹን ተቀብላ እያንዳንዱን ክር እያየች ቆጠረቻቸው። «የቢሮው ሰው ሲመጣ እሰጥልሻለሁ። ፈርሚ ግን። ከመለስሽ በኋላ ነው የሚፈረመው፣ ያው።»

እታለም የቁልፍ ርክክቡን ወረቀት ተቀበለች። ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ከዚያ ፈረመች።